ስለ ፒክ አፕ መኪና ባሌስትራና አሞርዛተር፤ በቤት የሚደረገው ማሻሻል ደንቡና ልኩ

አራሹ ዓመቱን ሙሉ ደክሞ ያገኘው ፍሬ ከማሳው ወጥቶ ገበያ ሳይደርስ በመንገድ ቢበላሽ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ይሆናል። ከመቂና ከዝዋይ አካባቢ የሚጫነው ቲማቲም በሣጥኑ ውስጥ እየተጋጨ ሲፈርጥ፤ ከሰላሌ የሚወጣው ወተት በዕቃው ውስጥ እየተናጠ ሲውል፤ ለከብት ክትባት የተላከው መድኃኒት ከበረዶ ሣጥኑ ጋራ ሲገለባበጥ፤ ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ በመንገዱ ይመካኛል። ነገር ግን ከመንገዱ ጋራ ተካፍሎ ሊጠየቅ የሚገባው፤ ጭነቱን የተሸከመው የመኪናው ባሌስትራና አሞርዛተር ነው። መንገዱን አስተካክሎ ለመሥራት ብዙ ገንዘብና ብዙ ዘመን ያስፈልጋል፤ ባሌስትራውን ለማስተካከል ግን አንድ አስተዋይ ሹፌር፣ አንድ ረዳትና የሁለት ቀን ሥራ ይበቃሉ።

ነገሩም የንብረት ብቻ አይደለም። በገጠር ያለ ፒክ አፕ እህል ሲያጓጕዝ ይውልና ማታ በሽተኛ ወደ ሐኪም ቤት ያደርሳል። ባሌስትራው ያለ ልክ የጠነከረ ወይም ያለ ልክ ከፍ ያለ እንደ ሆነ፤ በጠጠር መንገድ ላይ ሲታጠፍ ኋላው ይንሸራተታል፤ አንዳንድ ጊዜም ይገለበጣል። ስለዚህ ይህ ሥራ ለጌጥና ለመታያ የሚደረግ ሳይሆን፤ ልኩን አውቆ በጥንቃቄ የሚሠራ መሆን አለበት።

የባሌስትራ አመጣጥ

ባሌስትራ የሚለው ቃል ከጣሊያንኛ የመጣ ነው፤ በዚያም ቋንቋ ቃሉ አስቀድሞ የቀስት ዓይነት የጦር መሣሪያ ስም ነበር። ደጋን ጐብጦ እንደሚመለስ፤ ይህም ብረት ሸክም ሲጫነው ይዘረጋል፤ ሸክሙ ሲነሣለት ወደ ጉብጠቱ ይመለሳልና ስያሜው ተስማምቶታል። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1804 ዓ.ም. ኦባዲያ ኤሊዮት የተባለ እንግሊዛዊ የሠረገላ ሠሪ ድርብ ባሌስትራ ለሠረገላ አውጥቶ የባለቤትነት መብት ተቀበለበት። አውቶሞቢል በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት በ1900 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ ሲገባ፤ የዚያ ዘመን አውቶሞቢሎች የሚቀመጡት ከሠረገላ በተወረሰው በዚሁ ባሌስትራ ላይ ነበር።

ዛሬ የቤት አውቶሞቢሎች በአብዛኛው በሞላ የሚሄዱ ሲሆኑ፤ ጭነት የሚሸከመው ፒክ አፕ ግን በኋላው በኩል ባሌስትራን አልተወም። በአገራችን ገጠር በብዛት የሚታየው ቶዮታ ሃይሉክስ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1968 ዓ.ም. መሠራት ከጀመረ ወዲህ በኋላው በኩል የሚሸከመው በባሌስትራ ነው። ምክንያቱም ባሌስትራ ሸክሙን ይችላል፤ አክስሉን በቦታው ይይዛል፤ ሲሰበርም በትንሽ ከተማ እንኳ መለወጫው ይገኛል።

ተሸካሚውና ልጓሙ

ብዙ ሰዎች ባሌስትራንና አሞርዛተርን አንድ ሥራ እንዳላቸው አድርገው ይቈጥሯቸዋል፤ ይህም ስሕተት ገንዘብን ያስጠፋል። ባሌስትራ እንደ አጋሰስ ተሸካሚ ነው፤ አሞርዛተር ግን እንደ ልጓም ነው። ባሌስትራው ጕድጓድ ባገኘው ቍጥር ይጐብጣል፣ ይዘረጋልም፤ የሚገታው ባይኖር መኪናው ጕድጓዱን ካለፈ በኋላም እየዘለለ ይቈይ ነበር። አሞርዛተሩ በውስጡ ያለውን ዘይት በጠባብ ቀዳዳ እያሳለፈ የዝላዩን ኀይል ወደ ሙቀት ይለውጠዋል፤ ጐማውም ከመሬት እንዳይለይ ያደርጋል። መሪም ፍሬንም የሚሠሩት ጐማው መሬት ሲነካ ብቻ ነውና፤ በባዶው የሚዘል መኪና ያለው ሹፌር አሞርዛተሩን ሳይመረምር ባሌስትራ ቢጨምር ልጓም የሌለውን በቅሎ ገብስ እንደ መቀለብ ነው።

ገንዘብ ከማውጣት በፊት የሚደረግ ምርመራ

1ኛ፤ ጐማ። የጐማው ነፋስ ልክ በሹፌሩ በር አጠገብ በተለጠፈው ወረቀት ላይ ለባዶና ለጭነት ተለይቶ የተጻፈ ነው። ለጭነት ተነፍቶ በባዶው የሚነዳ መኪና ያንገጫግጫል፤ ይንሸራተታልም። ለባዶ ተነፍቶ የሚጫን ደግሞ ጐማው ይግላል፤ ይፈነዳልም። በዚህ ምክንያት የሚደርሰውን ሁሉ በባሌስትራ ማመካኘት አይገባም።

2ኛ፤ ቦኮላ። በባሌስትራው ሁለት ጫፎችና በአሞርዛተሩ ዐይኖች ውስጥ ያለው የጐማ ቦኮላ ከተበላ አክስሉ በመታጠፊያ ላይ ወደ ጐን ይንሸራሸራል፤ ሹፌሩም መሪው የሰከረ ይመስለዋል። በብረት ዘንግ ገፋ ሲያደርጉት የሚላወስ ቦኮላ መለወጥ አለበት፤ ዋጋውም ከሌላው ሁሉ ትንሽ ነው።

3ኛ፤ አሞርዛተር። የመኪናውን ጥግ በእጅ ተጭኖ መልቀቅና ዝላዩን መቍጠር የቈየ ልማድ ነው፤ ነገር ግን የፒክ አፕ የኋላ ባሌስትራ በባዶው ጠንካራ ስለ ሆነ በእጅ ብዙ አይነቃነቅም፤ ስለዚህ ይህ ምልክት ብቻውን አይበቃም። ከዚህ የሚሻለው፤ በኮረኮንች መንገድ 20 ኪሎሜትር ያህል ተነድቶ እንደ ቆመ ወዲያው የአራቱንም አሞርዛተሮች ሙቀት በጥንቃቄ እጅን አስጠግቶ ማመዛዘን ነው። የሠራው ይሞቃል፤ ከጓደኞቹ ተለይቶ ቀዝቅዞ የተገኘው ሥራውን ትቷል። ዘይት ወርዶበት አቧራ የጠጣም እንዲሁ ይለወጣል። ሲለወጥም የአንድ አክስል ሁለቱ በአንድነት ይለወጣሉ እንጂ አንዱ አዲስ ሌላው አሮጌ ሁኖ አይቀርም።

4ኛ፤ የባሌስትራው ቁመት። መኪናው ባዶውን በደልዳላ መሬት ላይ ቆሞ፤ ከጐማው ማእከል እስከ ላይኛው የጐማ ክዳን ጠርዝ ያለው ርቀት በአራቱም በኩል ተለክቶ ይጻፋል። ግራና ቀኙ በብዙ የተለያየ እንደ ሆነ፤ አንዱ ባሌስትራ ደክሟል ወይም ከቅጠሎቹ አንዱ ተሰብሯል ማለት ነው። ይህ ጽሑፍ ከሥራው በኋላ ለማመሳከሪያ ስለሚያስፈልግ ሊጠፋ አይገባም።

ከእነዚህ ከአራቱ ምርመራዎች በኋላ ብዙ ሰው ችግሩ በአሞርዛተርና በቦኮላ የሚያልቅ ሁኖ ያገኘዋል። ባሌስትራ ማጠንከር የሚገባው መኪናው አብዛኛውን ቀን ጭነት የሚሸከም፤ በተፈቀደለትም ጭነት ልክ ኋላው ከመጠን በላይ የሚወርድ ሲሆን ብቻ ነው።

የጥንካሬ ልክ

ባሌስትራ ቅጠል የሚባሉ ዝርግ ብረቶች ተደራርበው የሚሠሩት ነው። አምስት እኩል ቅጠሎች ባሉት ላይ አንድ ተመሳሳይ ቢጨመር ጥንካሬው በአንድ አምስተኛ ያህል ይጨምራል። ውፍረት ግን ከቍጥር ይልቅ ኀይለኛ ነው፤ ጥንካሬው የሚያድገው በውፍረቱ ሦስት ጊዜ ተባዝቶ ነውና፤ 7 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ቅጠል በ8 ሚሊሜትር ቢተካ የዚያ ቅጠል ጥንካሬ ወደ አንድ ተኩል እጥፍ ያህል ይደርሳል። ለዐይን የማይታይ የአንድ ሚሊሜትር ልዩነት ይህን ያህል የሚያመጣ ስለ ሆነ፤ ከሌላ ካሚዮን የወጣ ወፍራም ቅጠል በግምት መጨመር አይገባም።

ባሌስትራው መመረጥ ያለበት መኪናው አብዛኛውን ቀን ለሚሸከመው እንጂ፤ በዓመት አንድ ጊዜ ለሚሸከመው አይደለም። ለምሳሌ ያህል አንድ የወረዳ ጽሕፈት ቤት መኪና በሳምንት አራት ቀን ሁለት ሰው ይዞ ለጕብኝት የሚወጣ፤ አንድ ቀን ብቻ ማዳበሪያ የሚጭን ይሁን። ለዚያ ለአንዱ ቀን ተብሎ ባሌስትራው እጅግ ቢጠነክር፤ በአራቱ ቀን ኋላው ቀሎ በኮረኮንቹ ላይ እየዘለለ በመታጠፊያ ወደ ገደሉ አፍ ይጠጋል። እንዲህ ላለው መኪና በሸክም ጊዜ ብቻ የሚነካ አጋዥ ቅጠል ከታች ያለበት ባሌስትራ ይስማማዋል፤ በባዶው ለስላሳ፤ በጭነቱ ጠንካራ ይሆናልና። ዘወትር ጭነት ለሚሸከመው ግን መላውን ባሌስትራ በከባድ ዓይነት መለወጥ ይሻላል፤ ከእርሱም ጋራ የሚመጣጠን ከባድ አሞርዛተር ሊደረግለት ግድ ነው።

ከኋላ ብቻ እጅግ የጠነከረ መኪና በመታጠፊያ ላይ ኋላው ቀድሞ ይንሸራተታል። ስለዚህ የፊቱና የኋላው ጥንካሬ እንዲመዛዘን መጠንቀቅ ያስፈልጋል።

በቤት የሚደረገው ሥራ አካሄድ

ሥራው በደልዳላና በጠንካራ መሬት ላይ፤ ቢቻል በሲሚንቶ ወለል ላይ ይደረግ። የፊት ጐማዎች በድንጋይ ወይም በእንጨት ከፊትም ከኋላም ይታገዱ። የኋላ ጐማ ዳዶዎች መኪናው ሳይነሣ ጥቂት ይላሉ። ከዚህ በኋላ መኪናው በክሪክ ተነሥቶ ሻንሲው በሁለት ጠንካራ የብረት መደገፊያ ላይ ይቀመጥ፤ ክሪኩ ግን አክስሉን ብቻ ይሸከም። በክሪክ ብቻ ከቆመ መኪና ሥር መግባት ነፍስን በገመድ ማንጠልጠል ነው። በድንጋይ ክምርና በጡብ ላይ ማስቀመጥም እንዲሁ ክልክል ሊሆን ይገባል፤ ጡብ ሳይታሰብ ይፈረካከሳልና።

ሥራው በአንድ ጊዜ በአንድ ጐን ብቻ ይደረጋል፤ ሁለቱ ጐኖች በአንድነት ከተፈቱ አክስሉ ይዞራል፤ የሚመልሰውም ይቸገራል። በቅድሚያ የአሞርዛተሩ የታች ብሎን ይፈታል፤ ቀጥሎ ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋራ አጣብቀው የያዙት ባለ ሁለት እግር ቆልማማ ብሎኖች ይፈታሉ። ክሪኩ በዝግታ ዝቅ ሲል ባሌስትራው ከሸክሙ ያርፋል፤ በዚህ ጊዜ የፍሬኑ ቱቦና ሽቦው እንዳይወጠሩ ረዳቱ ይመልከት። የኋላው ተንጠልጣይ ማያያዣና የፊቱ ብሎን ወጥተው፤ ባሌስትራው ከባድ ስለ ሆነ በሁለት ሰው ይወርዳል።

ቅጠል የሚጨመርበት እንደ ሆነ፤ የመሐሉ ብሎን ከመፈታቱ አስቀድሞ የቅጠሉ ክምር ከመሐሉ ግራና ቀኝ በጠንካራ መያዣ ይታሰር። ብረቱ የታመቀ ኀይል አለበትና ያለ መያዣ ከተፈታ ተፈናጥሮ እጅን ይሰብራል። አዲሱ ቅጠል ገብቶ አዲስ የመሐል ብሎን ከታሰረ በኋላ፤ ባሌስትራው ወደ ቦታው ሲመለስ የመሐሉ ብሎን ራስ በአክስሉ መቀመጫ ላይ ባለው ቀዳዳ ውስጥ በትክክል መግባቱ ይረጋገጥ። ያልገባ እንደ ሆነ አክስሉ ተጣሞ ይታሰራል፤ መኪናውም እንደ ሸርጣን በጐኑ ይሄዳል።

ቆልማማዎቹ ብሎኖች ከታሰሩ በኋላ የሚለጠጡ ስለ ሆኑ አሮጌዎቹን መልሶ ማሰር አይገባም። አዲሶቹም አራቱ ዳዶዎች በየተራ በመስቀለኛ አቅጣጫ ጥቂት በጥቂት ይጠበቃሉ፤ የመጨረሻውም ልክ በመኪናው መጽሐፍ የተጻፈው ነው።

ብዙ ሰው የሚስተው ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ነው። ቦኮላ ያለባቸው ብሎኖች መኪናው ተንጠልጥሎ ሳለ ፈጽመው መጥበቅ የለባቸውም። በዚያን ጊዜ ከጠበቁ፤ መኪናው ሲወርድ የቦኮላው ጐማ ተጠማዝዞ ይቀራልና በጥቂት ወር ውስጥ ይቀደዳል። ስለዚህ ለጊዜው ብቻ ተይዘው መኪናው በአራት እግሩ ከወረደና ጥቂት ወዲያና ወዲህ ከተንቀሳቀሰ በኋላ ይጠበቃሉ። ከመጀመሪያው 100 ኪሎሜትር በኋላ፤ ዳግመኛም ከ500 ኪሎሜትር በኋላ ብሎኖቹ ሁሉ ተመልሰው ይጠበቁ።

የፊቱ ሞላ ግን በቤት ሊፈታ አይገባም። ሞላው በአሞርዛተሩ ላይ ታምቆ የተያዘ ስለ ሆነ ያለ ተገቢው ማመቂያ መሣሪያ ሲፈታ እንደ ጥይት ተወርውሮ ሰው ይገድላል። ይህ ሥራ መሣሪያው ባለበት ጋራዥ ይደረግ፤ ከእርሱም በኋላ የፊት ጐማዎች አቋም ይለካ፤ ይስተካከልም።

ፈጽሞ የማይደረጉ ነገሮች

ባሌስትራን በእሳት አሙቆ ማጕበጥ ወይም በብየዳ መቀጠል አይገባም። የባሌስትራ ብረት ኀይሉን ያገኘው በተለየ የሙቀትና የማቀዝቀዝ ሥርዓት ነው፤ በእሳት ሲነካ ያ ጥንካሬ ይጠፋል፤ ወይ ይልላል ወይ እንደ ሸክላ ይሰበራል። የሚሰበረውም ቆሞ ሳለ ሳይሆን በጭነትና በቁልቁለት ነው።

መኪናውን ለግርማው ሲሉ ያለ ልክ ማስረዘምም እንዲሁ ነው። ከ5 ሳንቲሜትር የሚበልጥ ጭማሪ ኀይል አስተላላፊውን ዘንግ ያጣምመዋል፤ የፊት መገጣጠሚያዎችንም ይጐዳል። የክብደቱም ማእከል ከፍ ስለሚል መኪናው በመታጠፊያ ላይ ለመገልበጥ ይቀርባል።

ከሁሉም የሚሰወረው የፍሬኑ ጕዳይ ነው። በብዙ ፒክ አፖች ላይ ከኋላው አክስል ጋራ በዘንግ የተያያዘ ቫልቭ አለ፤ ጭነት ሲበዛና ኋላው ዝቅ ሲል ለኋላ ጐማዎች የሚሄደውን የፍሬን ኀይል ይጨምራል። በረጅም ወይም በጠንካራ ባሌስትራ ምክንያት ኋላው ከፍ ብሎ የቀረ እንደ ሆነ፤ መኪናው ሞልቶ ሳለ ቫልቩ ባዶ ይመስለዋል፤ የኋላውን ፍሬን ያሳንሳል፤ መኪናውም ለመቆም ረጅም ርቀት ይፈልጋል። ስለዚህ ባሌስትራ በተለወጠ ጊዜ ሁሉ ይህ ቫልቭ ባለሞያ ዘንድ እንደ አዲስ ይስተካከል።

ጭነት በባሌስትራ አይጨምርም

ጠንካራ ባሌስትራ የገዛ ሰው መኪናው ከእንግዲህ ብዙ እንደሚጭን ያስባል፤ ይህም ከሁሉ የከፋ ስሕተት ነው። የተፈቀደውን ጭነት የሚወስነው ባሌስትራው ብቻ ሳይሆን አክስሉ፣ ሻንሲው፣ ጐማውና ፍሬኑ በአንድነት ነው። አስቀድሞ ዝቅ እያለ ሹፌሩን ያስጠነቅቅ የነበረው ኋላ አሁን ከፍ ብሎ ስለሚታይ፤ ከልክ በላይ መጫኑ ሳይታወቅ ሻንሲው ይሰነጠቃል።

ሒሳቡም ቀላል ነው። ፋብሪካው 900 ኪሎ የፈቀደለት ባለ ሁለት ረድፍ ወንበር ፒክ አፕ አምስት ሰው ቢቀመጥበት፤ አንዱ 70 ኪሎ ቢሆን ሰዎቹ ብቻ 350 ኪሎ ናቸው። ለፊቱ የብረት መከላከያና ለላዩ መደርደሪያ 80 ኪሎ ቢታሰብ፤ ለጭነት የሚቀረው 470 ኪሎ፤ ማለት ከአምስት ኩንታል ያነሰ ነው። 200 ሊትር ናፍጣ የያዘ በርሜልም ናፍጣው ብቻ ወደ 170 ኪሎ እንደሚመዝን ማስታወስ ያስፈልጋል። የሚጫነውም ከባዱ ዕቃ ከኋላው አክስል ፊት ለፊት፤ ወደ ሹፌሩ ክፍል ተጠግቶ ይሁን እንጂ በኋለኛው መዝጊያ ላይ አይከመር። ኋላው የተጫነ መኪና ፊቱ ይቀላል፤ መሪው አይታዘዝም፤ የሌሊት መብራቱም ወደ ላይ ተነሥቶ ከፊት የሚመጣውን ያሳውራል።

ስለ ኮረኮንች መንገድና ስለ ፍጥነት

በፈረንጆች አቆጣጠር በ2007 ዓ.ም. የፈረንሳይ፣ የካናዳና የእንግሊዝ ተመራማሪዎች ባሳተሙት ጥናት፤ መንኰራኵር ከተወሰነ ፍጥነት በላይ በአሸዋ ላይ ሲሽከረከር ባሌስትራ ባይኖረው እንኳ አሸዋው እየተሸበሸበ ኮረኮንች እንደሚሆን አሳይተዋል። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት፤ ኮረኮንቹን የሚፈጥረው ፍጥነት መሆኑንና በገንዘብ የተገዛ ባሌስትራ ሊያጠፋው አለመቻሉን ነው። አንዳንድ ሹፌሮች በኮረኮንች ላይ ፈጥኖ መንዳት እንደሚያለሰልሰው ይናገራሉ፤ ለወገብ እውነት ይመስላል፤ ነገር ግን በዚያን ጊዜ ጐማው የሚነካው የእብጠቶቹን ጫፍ ብቻ ስለ ሆነ፤ ከብት ወይም ልጅ ድንገት ቢገባ ፍሬኑም መሪውም የሚይዙት መሬት የላቸውም።

ከሹማምንትና ከባለ እርሻዎች የሚፈለገው

መኪና በእጁ ያለ ሹም ወይም ባለ እርሻ ባሌስትራ እንዲለወጥ ከመፍቀዱ በፊት ሦስት ነገር ቢጠይቅ ይበቃዋል። መኪናው አብዛኛውን ቀን የሚሸከመው ስንት ነው? ጐማው፣ ቦኮላውና አሞርዛተሩ ተመርምረዋልን? ከሥራው በኋላ ፍሬኑንና የጐማውን አቋም የሚያስተካክለው ማን ነው? ለእነዚህ ቍርጥ ያለ መልስ ያላገኘ ሥራውን ቢያዘገይ ይሻላል። የመንግሥት መኪና የሆነ እንደ ሆነ የተደረገው ለውጥ በጽሑፍ ይመዝገብ፤ ለዓመታዊው ምርመራም ይቅረብ እንጂ አይሰወር። ከሥራው በፊት የተለካው ቁመት፣ የተለወጠው ዕቃና የተጠበቀበት ቀን በአንድ ደብተር ተጽፎ ከመኪናው ጋራ ይኑር፤ ሹፌር ቢለወጥ ተተኪው ያነበዋልና።

መልካም ባሌስትራ ያለው መኪና ቲማቲሙን ሳይፈርጥ፣ ወተቱን ሳይናጥ፣ በሽተኛውንም ሳያሠቃይ ያደርሳል። ይህም የሚገኘው በልክ ሠርቶ፣ በልክ ጭኖ፣ በልክ ለሚነዳ ነው። በገጠር መንገድ ላይ ከሁሉ አስቀድሞ የሚፈለገው መኪናው ከነጫነውና ከነተሳፋሪው በደኅና መመለሱ ነውና፤ ሹማምንቱና ባለ እርሻዎቹ ለሹፌሮቻቸው ይህን ደጋግመው ቢያሳስቡ ለራሳቸውም ለወገናቸውም ትልቅ ጥቅም ያደርጋሉ።